ስለ ደቡብ ኮሪያዊቷ ድምፃዊትና ተዋናይት አይዩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኮሪያ ተከታታይ ድራማ ያወቋት ሰዎች «ለካ ዘፋኝም ናት?» ብለው ይገረማሉ፤ በዘፈን ያወቋት ደግሞ «ትወናው የትርፍ ጊዜ ሥራዋ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚያውቁት የአንዲትን ሰው ግማሽ ታሪክ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁለቱን ግማሾች ለማገናኘት ተጽፈዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የኮሪያኛ ርእሶች ትርጉም ያላቸው ሲሆኑ ወደ አማርኛ ተመልሰዋል።

አይዩ ማን ናት? ስሟስ ምን ማለት ነው?

ትክክለኛ ስሟ ሊ ጂ-ኡን ሲሆን ሜይ 16 ቀን 1993 በሴኡል ተወለደች። «አይዩ» የመድረክ ስሟ ነው። በእንግሊዝኛ «እኔ» እና «አንተ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተዋቀረ ሲሆን፣ ዘፋኟና አድማጩ በሙዚቃ አማካይነት አንድ ይሆናሉ የሚል ሐሳብ የያዘ ነው። የምትዘፍነው ብቻዋን ነው፤ የማንኛውም ቡድን አባል ሆና አታውቅም። የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ በውጭው ዓለም የሚታወቀው በአብዛኛው በቡድኖቹ በመሆኑ ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። በቡድን ውስጥ የአንዱ ድካም በሌላው ይሸፈናል፤ እሷ ግን ከ15 ዓመቷ ጀምሮ መድረክ ላይ የቆመችው ለብቻዋ ነው።

ወደ ሙዚቃው ዓለም እንዴት ገባች?

ቤተሰቧ በልጅነቷ ዕዳ ውስጥ ስለወደቀ ከወላጆቿ ተለይታ ከአያቷ፣ ከታናሽ ወንድሟና ከአክስት ልጇ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የኖረችበት ጊዜ ነበር። ክፍሏ ብርድ የማትከላከልና በረሮ የሚርመሰመስባት እንደነበረች አይዩ ራሷ በቴሌቪዥን ቀርባ ደጋግማ ተናግራለች። ይህን የምጠቅሰው ለማሳዘን ብዬ አይደለም። ያቺ አያት በኋላ በግጥሞቿ ውስጥ ስለምትመጣ፣ ሥራዋን በደንብ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከወዲሁ ሊያውቃት ስለሚገባ ነው።

መዝፈን እንደምትፈልግ የተረዳችው በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች፣ በትምህርት ቤቱ የስፖርት በዓል ላይ ዘፍና ጭብጨባ ባገኘች ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በተለያዩ የሙዚቃ ድርጅቶች ተፈትና 20 ያህል ጊዜ ወድቃለች። በ2007 ሎን ኢንተርቴይንመንት የተባለው ድርጅት ተቀበላትና አሥር ወር ገደማ አሠለጠናት። ሌሎች ሠልጣኞች ለመድረክ ከመብቃታቸው በፊት ዓመታትን የሚያሳልፉ በመሆናቸው ይህ አጭር ጊዜ ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2008 «የጠፋች ልጅ» በሚል ከባድ የሐዘን ዜማ በቴሌቪዥን የሙዚቃ ፕሮግራም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበች፤ ዘፈኑ ግን አልያዘላትም። ከተመልካቹ መካከል ስድብ የወረወሩባት እንደነበሩም በኋላ አውርታለች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ሰው ዘንድ ያደረሳት ጊታሯ ነው። በወቅቱ የነገሡትን የዳንስ ቡድኖች ዘፈን እየወሰደች፣ ጭፈራውንና ድምቀቱን አራግፋ፣ ቁጭ ብላ በአንድ ጊታር ብቻ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትጫወት ነበር። ሰው ሁሉ በጩኸት የለመደውን ዜማ በለሆሳስ ሲሰማው ልጅቱ ማን እንደሆነች መጠየቅ ጀመረ። በ2010 አጋማሽ ቱኤኤም ከተባለው ቡድን አባል ከሊም ሱል-ኦንግ ጋር የዘፈነችው «ንዝንዝ» የተሰኘ ቅብብሎሽ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዦች ቁንጮ ላይ አወጣት።

ታዋቂ ያደረጋት ሥራ የትኛው ነው?

ያለ ጥርጥር በዲሴምበር 2010 የወጣው «ደስ የሚል ቀን» ነው። ዜማው የሊ ሚን-ሱ፣ ግጥሙ የኪም ኢ-ና ነው። ፍቅሯን ሳትናገር የቀረች ልጅ እንባዋ እንዳይፈስ ወደ ሰማይ ቀና ስትል የሚያሳይ፣ በላዩ ሳቂታ የሆነ፣ በውስጡ ግን ያዘነ ዘፈን ነው። መጨረሻው አካባቢ አንድ ቃል ይዛ ድምፅዋን ሦስት እርከን በተከታታይ ከፍ እያደረገች ትወጣለች። የመጀመሪያውን እርከን ሲሰሙ የበቃት ይመስላል፤ ሳትቆም ሁለተኛውን ትወጣለች፤ ከዚያ ሦስተኛውን ትጨምራለች። በኮሪያ ይህ «ባለ ሦስት እርከን ድምፅ» የሚል መጠሪያ ተሰጥቶት ለዓመታት የዘፋኝ ሁሉ መፈተኛ ሆኖ ቆይቷል።

በዚያው ዘፈን ውስጥ ልጅቱ የምትወደውን ልጅ «ኦፓ» ብላ ትጠራዋለች። ቃሉ ሴት ልጅ ታላቅ ወንድሟን፣ ወይም በዕድሜ የሚበልጣትንና የምትቀርበውን ወንድ የምትጠራበት ሲሆን በእኛ «ጋሼ» ከሚለው አጠራር ጋር ይቀራረባል። ያቺ ስንኝ ከወጣች በኋላ ኮሪያውያን አይዩን «የሀገር ታናሽ እህት» ማለት ጀመሩ። ዘፈኑ ጋኦን በተባለው የሀገሪቱ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አምስት ሳምንት በተከታታይ አንደኛ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ቢልቦርድ የተሰኘው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔትም ከ2010 እስከ 2019 ከወጡት የኮሪያ ፖፕ ዘፈኖች መካከል አንደኛ አድርጎ መርጦታል።

ዘፈኖቿን ራሷ ትደርሳለች?

አሁን ግጥሙን በአብዛኛው የምትጽፈው እሷ ናት፤ ሲጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። በእኔ እምነት የዚህች ሴት ሙያ ዋና ታሪክ ያለውም እዚህ ላይ ነው። «ደስ የሚል ቀን» ላይ የምናውቃት ልጅ ሌሎች ሰዎች በቃል የሳሏት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት ብዕሩን ቀስ በቀስ ወደ ራሷ እጅ የወሰደችባቸው ናቸው።

በ2013 በወጣው «ሞደርን ታይምስ» አልበም የጃዝና የድሮ ስልቶችን ይዛ፣ ከቼ ቤክ-ሆና ከያንግ ሂ-ኡን ጋር፣ ማለትም ከወላጆቿ ትውልድ ድምፃውያን ጋር ዘፈነች። በ2014 ደግሞ የ1980ዎቹንና የ1990ዎቹን የኮሪያ ዘፈኖች እንደገና የተጫወተችበትን «የአበባ ዕልባት» አወጣች፤ ሁለተኛው ክፍል በ2017፣ ሦስተኛው በ2025 ተከትሏል። አሮጌ ዘፈን መጫወት በብዙ ቦታ የሐሳብ መንጠፍ ምልክት ተደርጎ ይታያል። ለአይዩ ግን ትምህርት ቤት ሆኗታል ብዬ አምናለሁ፤ ከእነዚያ ዘፈኖች ጥቂት ቃል ብዙ ነገር እንደሚሸከም ተምራለች።

በኦክቶበር 2015 የወጣው «ቻትሻየር» የመጀመሪያው ራሷ ያዘጋጀችው ሥራ ሲሆን ግጥሞቹን በሙሉ የጻፈችው እሷ ናት። በውስጡ «ጉልበት» የሚል እርጋታ የሞላው ዘፈን አለ። እንቅልፍ የነሣት ሰው በልጅነቷ እንዳደረገችው አያቷ ጉልበት ላይ ራሷን አስደግፋ፣ ፀጉሯን እየደባበሷት መተኛት ስትመኝ የሚያሳይ ነው። ያች በጠባቧ ክፍል ውስጥ ያሳደገቻት አያት እዚህ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

በማርች 2017 የወጣው «የሌሊት ደብዳቤ» ደግሞ እኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የማስቀድመው ነው። ግጥሙ የእሷ፣ ዜማው የኪም ጄ-ህዊና የኪም ሂ-ዎን ነው። በጊታር ይከፈታል፤ ገጣሚዋ በሌሊት የምትወደው ሰው መስኮት አጠገብ የእሳት እራት የሚመስሉ ብርሃን ሰጪ ነፍሳትን እልክልሃለሁ ትላለች፤ ይኸው ነው ኑዛዜዋ። ድምፁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከፍ አይልም። ሦስት እርከን መውጣት የምትችል ሴት ምንም ሳትወጣ ሙሉ ዘፈን ስትጨርስ መስማት ይገርማል። ይኸው ሥራ በ2018 ጎልደን ዲስክ በተባለው የኮሪያ የሙዚቃ ሽልማት ሥነ ሥርዓት በነጠላ ዜማ ዘርፍ ታላቁን ሽልማት አስገኝቶላታል።

በዘፈኖቿ የምትጠራው ዕድሜ ከልደት ዘመኗ ጋር ለምን አይገጥምም?

በ2015 «ሃያ ሦስት» የሚል ዘፈን ስታወጣ በእኛ ስሌት 22 ዓመቷ ነበር፤ በ2017 «ፓሌት» ላይ 25 ሆኛለሁ ስትል ገና 24ን አልደፈነችም። ስሕተት አይደለም። በኮሪያ ልማዳዊ አቆጣጠር ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመት ይባላል፤ ከዚያም ሰው ሁሉ በአዲስ ዓመት ዕለት በአንድነት አንድ ዓመት ይጨምራል። መንግሥት ለሕግ ጉዳዮች ዓለም አቀፉን አቆጣጠር ወጥ ያደረገው በጁን 2023 ነው።

አይዩ በዚያ አቆጣጠር በ23፣ በ25፣ በ28 እና በ29 ዓመቷ ስለ ዕድሜዋ ጽፋለች። «ሃያ ሦስት» ላይ የምትፈልገውን አታውቅም፤ ልጅም ትልቅ ሰውም ለመሆን ትመኛለች። «ፓሌት» ላይ አሁን ራሴን ትንሽ አውቄያለሁ ትላለች። በሜይ 2020 ቢቲኤስ ከተባለው የኮሪያ ቡድን አባል ከሹጋ ጋር የሠራችው «ኤይት» በ28 ዓመቷ ያጣቻቸውን ሰዎች ይናፍቃል፤ በማርች 2021 የወጣው «ላይላክ» ደግሞ ሃያዎቹን ዓመታት ልክ እንደ ፍቅረኛ በአበባ መካከል ይሰናበታቸዋል። አንድ አድማጭ አብሯት ካደገ የራሱን ዓመታት በእነዚህ ዘፈኖች ሊቆጥር ይችላል።

በ2015 የተነሣው ውዝግብ ምን ነበር?

«ቻትሻየር» ውስጥ ካሉት ዘፈኖች አንዱ በአንድ የብራዚል ልብ ወለድ ውስጥ ባለ የአምስት ዓመት ሕፃን ስም የተሰየመ ነበር። የመጽሐፉ የኮሪያ አሳታሚ፣ ጥቃት የደረሰበትን ሕፃን ባልተገባ ዓይን ያሳያል ሲል ተቃወመ፤ ክርክሩም በሀገሪቱ ሁሉ ተዛመተ። አይዩ ግጥሙን የጻፈችው ከገጸ ባሕርዩ ባሕርይ ተነሥታ እንጂ ሕፃኑን በዚያ መንገድ ለማየት እንዳልሆነ ገልጻ፣ ለተጎዱ ሰዎች ይቅርታ ጠየቀች። ጥያቄው ተገቢ ነበር ብዬ አስባለሁ። የጻፈ ሰው በጻፈው ይጠየቃል፤ እሷም መልሱን ለሌላ ሰው አላሸጋገረችም።

ትወና የጀመረችው መቼ ነው?

በ2011 ኬቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ባሳየው «ድሪም ሃይ» ድራማ ላይ ኪም ፒል-ሱክ የተባለች ዓይን አፋር የሙዚቃ ተማሪ ሆና ነው። በ2013 በዚያው ጣቢያ በ50 ክፍሎች የተላለፈ የቤተሰብ ድራማ ዋና ተዋናይት ሆነች። በ2015 በ«ፕሮዲውሰርስ» ውስጥ ሲንዲ የተባለችውን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በመድረክ ላይ የኖረችና ፊቷ የማይፈታ ድምፃዊት ሆና ስትሠራ ብዙዎች ችሎታዋን ማመን ጀመሩ። በ2016 «የጨረቃ ፍቅረኞች» በተሰኘው ታሪካዊ ድራማ ላይ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በሀገሯ ጠንካራ ትችት ገጥሟታል፤ በውጭ ሀገር ተመልካቾች ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ከሚወደዱት ድራማዎች አንዱ ነው።

«የኔ ጋሼ» ለምን ይህን ያህል ይነሣል?

ከማርች እስከ ሜይ 2018 በቲቪኤን ጣቢያ በ16 ክፍሎች የተላለፈ ድራማ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ማይ ሚስተር» በሚል ስም ይታወቃል። ዳይሬክተሩ ኪም ዎን-ሶክ፣ ጸሐፊዋ ፓርክ ሄ-ዮንግ ናቸው። የኮሪያኛው ርእስ «አጆሺ» የሚለውን ቃል የያዘ ሲሆን፣ ወጣት በዕድሜ የገፋውን ባዳ ወንድ የሚጠራበት በመሆኑ «ጋሼ» ብሎ መመለስ ለአማርኛ ቅርብ ነው።

አይዩ የምትጫወታት ሊ ጂ-አን የ21 ዓመት የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ከወላጆቿ የወረሰችው ዕዳ አለባት፤ መስማትና መናገር የማይችሉ በሽተኛ አያቷን ብቻዋን ትጦራለች። ፓርክ ዶንግ-ሁን፣ በዲሴምበር 2023 ያረፈው ሊ ሱን-ክዩን የተጫወተው የ45 ዓመት መሐንዲስ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት አለቃዋ ነው። ድራማው ከመጀመሩ በፊት የዕድሜያቸው ልዩነት ጥርጣሬ አስነሥቶ ነበር፤ ሲያልቅ ግን የታየው ሁለት የደከሙ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሸክም አይተው ሲተዛዘኑ ነው።

ትወናዋን ለማየት ሁለት ትዕይንት ይበቃል። ልጅቱ ከመሥሪያ ቤት የሚሰጡትን ትንንሽ የቡና ዱቄት ፓኬቶች በድብቅ ኪሷ ትከታለች፤ ማታ ቤቷ ገብታ መብራት ሳታበራ ሁለት ፓኬት በአንድ ኩባያ በጥብጣ ትጠጣለች። እራቷ ይኸው ነው። ፊቷ ላይ ሐዘን አይታይም፤ ድካም ብቻ ነው የሚታየው። በሌላው ትዕይንት አያቷ ጨረቃ ማየት ስለፈለጉ ከሱፐርማርኬት የዕቃ ጋሪ ወስዳ፣ እሳቸውን በውስጡ አስቀምጣ፣ በዳገቱ ጎዳና እየገፋች ትወስዳቸዋለች። ስለ አያቷ ጉልበት የጻፈችውን ዘፈን ያዳመጠ ሰው ይህን ሲያይ ድምፃዊቷና ተዋናይቷ ሁለት ሰው እንዳልሆኑ ይገባዋል። ድራማው በ2019 ቤክሳንግ በተባለው የኮሪያ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ ምርጥ ድራማና ምርጥ የድራማ ጽሑፍ ተብሏል።

ከዚያ በኋላስ ምን ሠራች?

በ2019 በ«ሆቴል ዴል ሉና» ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የኖረች፣ የሙታን መናፍስት የሚያርፉበት ሆቴል ባለቤት የሆነችውን ጃንግ ማን-ዎልን ተጫወተች፤ ከጂ-አን ጋር ሲነጻጸር የተገላቢጦሽ የሆነ፣ በልብስና በትዕቢት ያሸበረቀ ሚና ነው። በ2022 በጃፓናዊው ዳይሬክተር ሂሮካዙ ኮሬ-ኤዳ ፊልም «ብሮከር» ላይ ሕፃኗን ጥላ የሄደች እናት ሆና ሠርታ ወደ ካን የፊልም ፌስቲቫል ውድድር ተጉዛለች። በዚያው ፊልም አብሯት የሠራው ሶንግ ካንግ-ሆ የፌስቲቫሉን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አግኝቷል።

በማርች 2025 በኔትፍሊክስ በ16 ክፍሎች የወጣውና በእንግሊዝኛው ርእስ መንደሪን የሚጠቀስበት ድራማ ደግሞ ከኪም ዎን-ሶክ ጋር እንደገና ያገናኛት ነው። በጄጁ ደሴት ባሕር ውስጥ እየጠለቀች የምትተዳደር ሴት ልጅ የሆነችውን ኤ-ሱንን በወጣትነቷ፣ በኋላም የኤ-ሱንን ልጅ ግም-ምዮንግን ትጫወታለች፤ ማለትም እናትም ልጅም ናት። የኤ-ሱንን ባል ፓርክ ቦ-ገም፣ ኤ-ሱንን ከጎለመሰች በኋላ ሙን ሶ-ሪ ተጫውተዋል። የመጀመሪያው ርእስ በጄጁ ቋንቋ ሲሆን «እጅግ ደከማችሁ» እንደማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ለለፋለት ሰው የሚለውን ያህል ምስጋና የያዘ ቃል ስለሆነ፣ በእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በቀላሉ ይገባል። ድራማው በዚያው ዓመት የቤክሳንግ ምርጥ ድራማ ሆኗል።

በትወና ሥራዎቿ ስሟ ለምን ይለያያል?

ለብዙ ዓመታት በትወና ላይ ሊ ጂ-ኡን በሚለው የመዝገብ ስሟ ስትጠቀስ ቆይታ፣ በቅርቡ ሥራዎቿ በሁለቱም ሙያ አይዩ መባልን መርጣለች።

በየትኛው ድርጅት ውስጥ ናት?

ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ኤዳም ኢንተርቴይንመንት በተባለው ድርጅት ውስጥ ናት። የቆየ ሥራ አስኪያጇ የመሠረተው ነው።

በመድረክ ላይ ያስመዘገበችው ትልቁ ነገር ምንድን ነው?

በሴፕቴምበር 17 እና 18 ቀን 2022 በሴኡል የኦሊምፒክ ዋና ስታዲየም ኮንሰርት ያቀረበች የመጀመሪያዋ ኮሪያዊት ድምፃዊት ሆናለች። ሁለተኛው ምሽት ሥራ የጀመረችበት 14ኛ ዓመት ዕለት ነበር። በዚያው መድረክ ላይ የጆሮ ሕመም እንዳለባት፣ ሲብስባትም የራሷ ድምፅ በጆሮዋ ውስጥ እየጮኸ እንደሚያስቸግራት ለተመልካቹ ነገረች። ዘፋኝ ድምፅዋን የምትመዝነው በጆሮዋ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2024 ደግሞ ከማርች ጀምሮ ከሴኡል ተነሥታ በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ዞራለች። ለንደንና በርሊን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዋሽንግተንና አትላንታም ከጉዞዋ ከተሞች መካከል ነበሩ። ጉዞው የተዘጋው በሴፕቴምበር በሴኡል የዓለም ዋንጫ ስታዲየም ነው።

አድናቂዎቿ ምን ተብለው ይጠራሉ?

«ዩኤና» ይባላሉ። በልደቷ ቀንና ሥራ በጀመረችበት ዕለት ለሕፃናትና ለችግረኞች ገንዘብ ስትለግስ ብዙ ጊዜ የራሷንና የአድናቂዎቿን ስም አጣምራ «አይዩኤና» በሚል ስም ትሰጣለች። መጠኑም በተደጋጋሚ 100 ሚሊዮን ዎን ደርሷል።

አዲስ አድማጭ ከየት ይጀምር?

ከድራማው «የኔ ጋሼ»ን ይያዝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ጨለማና ዝግተኛ ስለሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ከዘፈኑ ደግሞ «ደስ የሚል ቀን»ን በ2010 ከተቀረጸው ጀምሮ ይስማ፤ ወዲያው «የሌሊት ደብዳቤ»ን ያስከትል። ከዚያ በኋላ የ2022ቱን የስታዲየም ኮንሰርት ቢያገኝ ይመልከት። አይዩ በዚያ ምሽት «ደስ የሚል ቀን»ን ከመደበኛ የኮንሰርት ዝርዝሯ እንደምታወጣው ተናግራ፣ ሦስቱን እርከን በ29 ዓመቷ፣ ከታመመ ጆሮዋ ጋር፣ አንድ በአንድ ወጥታዋለች።